ቃሉ የራሳችን፣ ስፌቱ የጎረቤት
(ለቋንቋ መምህራንና ተማሪዎች በቃል ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ መጥታችሁ አዳራሹን ስለሞላችሁት ከልብ አመሰግናለሁ።

ነገሬን ከባቲ ገበያ ልጀምር። ባቲ የምትደምቀው ሰኞ ነው። አፋሮች ከቆላ ግመላቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ ከደጋ እህል ተጭኖ ይወርዳል፤ የባቲና የዙሪያዋ ሰው ደግሞ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ያለ ጭንቀት ይናገራል። አያቴ ቅቤ ስትሸጥ ያረጀችው እዚያ ነው። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነበር፤ አማርኛን ያገኘችው ተድራ ነው። ልጅ ሳለሁ ከጎኗ ቁጭ ብዬ እውላለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስትሻገር ድንበሩን ያለፈችበትን ቦታ እንኳ አላይም ነበር።

አንድ ጊዜ ቅቤ በዱቤ ወስዶ የጠፋባት ደንበኛ ነበር። አጠገቧ ለተቀመጠችው ነጋዴ «ነን ዹፈ ጄዼ ዴሜ» አለቻት። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ «እመጣለሁ ብሎ ሄደ» አለችኝ። ያን ጊዜ የገባኝ ሰውየው ገንዘቧን እንደበላ ብቻ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የቋንቋ ትምህርት ስማር ግን እነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ሆነው ተመልሰው መጡብኝ።

እስቲ አብረን እንያቸው። «ነን ዹፈ» እመጣለሁ ነው። «ጄዼ» ብሎ ነው። «ዴሜ» ሄደ ነው። አንድም የሚመሳሰል ቃል የለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አንድ ነው። ሁለቱም የሰውየውን ንግግር ከአፉ እንደወጣ፣ «እመጣለሁ» ብለው በራሱ አንደበት ያስቀምጡታል። ሁለቱም «አለ» ከሚለው ግስ ድልድይ ይሠራሉ። ሁለቱም ዋናውን ግስ እስከ መጨረሻው ይዘው ይቆያሉ። አማርኛ በዘሩ ሴማዊ ነው፤ ለዓረብኛና ለዕብራይስጥ የቅርብ ዘመድ፣ ለኦሮምኛ ግን የሩቅ ዘመድ ነው። በሥሮቹና በግሥ እርባታው ከዓረብኛ ጋር መመሳሰሉ እርግጥ ነው። የአያቴ ዓረፍተ ነገር ግን መንትያዋን ያገኘችው ከባሕር ማዶ ካለው ዘመድ ዘንድ ሳይሆን ከጎረቤት ዘንድ ነው።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ይህንን ነው። ቋንቋ ቃሉን ከዘመዶቹ ይወርሳል፤ ቃሉን የሚሰፋበትን መርፌና ክር ግን ብዙ ጊዜ የሚወስደው አብሮት ከሚኖረው ነው።

ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ግዕዝን አጠገቡ ማስቀመጥ ይበቃል። የኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ቃል በግዕዝ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» ይላል። በአማርኛ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» እንላለን። በግዕዙ ግሱ ከባለቤቱ ቀድሟል፤ ሰማይና ምድር ከኋላ ይከተላሉ። በአማርኛው ባለቤቱ መጣ፣ ተሳቢው ተከተለ፣ ግሱ በሩን ዘጋ። ይህ ተራ የቦታ ልውውጥ እንዳይመስላችሁ። ግሱ ወደ መጨረሻ ከሄደ በኋላ የቀረው ሁሉ ቦታውን ይለውጣል። «ቤተ ንጉሥ» የነበረው «የንጉሥ ቤት» ይሆናል። «ብእሲ ዘመጽአ» የነበረው «የመጣ ሰው» ይሆናል። ገላጩ ሁሉ ከተገላጩ ፊት ይሰለፋል። የግዕዝ ተማሪ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፦ መምህሩ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያስተረጉሙ ተማሪው ከኋላ እየጀመረ ወደ ፊት ይሄዳል።

ሁለተኛው ቦዝ አንቀጽ ነው። «እጄን ታጥቤ፣ በልቼ፣ ተኛሁ» ስንል ማሰሪያ አንቀጹ አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሳይታሰሩ እርሱን ይጠብቃሉ። ኦሮምኛው «ሀርከ ኮ ዺቀዼ፣ ኛዼ፣ ረፌ» ይላል፤ ስፌቱ ያው ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያምር ነገር ላሳያችሁ። በኦሮምኛ «በልቼ» እና «በላሁ» የሚለዩት በመጨረሻዋ አናባቢ ርዝመት ብቻ ነው። ረዘም ካለች ነገሩ ይቀጥላል፣ ካጠረች አለቀ። ፊደላችን ርዝመትን ስለማያሳይ ሁለቱንም «ኛዼ» ብዬ ከመጻፍ ሌላ ምርጫ የለኝም፤ ጆሮ ግን አይስትም። አያቴ አንድን ታሪክ ስትተርክ ያቺን አናባቢ ሳብ ባደረገች ቁጥር ገና እንዳልጨረሰች እናውቅ ነበር። ቦዝ አንቀጽ በግዕዝም አለ፤ «ነሢኦ»፣ «ሰሚዖ» የምንለው ነው። ስለዚህ አማርኛ ከባዶ አልተዋሰውም። ከቤቱ የነበረውን ዕቃ ጎረቤቱ በሚጠቀምበት መንገድ መጠቀም ጀመረ፣ ከዚያም ያለ እርሱ ታሪክ መናገር የማይችል ቋንቋ ሆነ። ብዙ ሰው መዋስን የሌለን ነገር ከውጭ ማምጣት ብቻ አድርጎ ያየዋል። አብዛኛው መዋስ ግን ያለንን ነገር ጎረቤት እንደሚያደርገው አድርጎ መያዝ ነው።

ሦስተኛው «አለ» ነው። ዝም አለ፣ ብድግ አለ፣ ቀስ አለ፣ ፈገግ አለ፣ ደስ አለው። ዝም ያለ ሰው ምን ብሎ ነው ዝም ያለው? ምንም አላለም፤ ሆኖም «አለ» እንላለን። ኦሮምኛ «ጨል ጄዼ» ይላል፤ «ጨል» ዝምታው ነው፣ «ጄዼ» ደግሞ «አለ» ነው። ትግርኛ «ስቕ በለ» ይላል። የአገው ቋንቋዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከዚህም ረቀቅ ያለ መመሳሰል አለ። አንድ ነገር ስንረዳ «ገባኝ» እንላለን፤ ነገሩ ቤት እንደሚገባ ሰው ወደ እኛ ይገባል። ኦሮምኛም «ናፍ ገሌ» ይላል፤ «ገሌ» ገባ ማለት ነው። መረዳትን በሌላ በብዙ መንገድ መግለጽ ይቻል ነበር፤ ማየት፣ መያዝ፣ መድረስ ሊሆን ይችል ነበር። ሁለቱ ቋንቋዎች ግን የመረጡት አንድ በር ነው። ይህ ሰዋስው እንኳ አይደለም፤ የአስተሳሰብ ልማድ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ ልግባ። ጎረቤት ስንል የትኛውን ጎረቤት ነው? እስካሁን ምሳሌዬን ሁሉ ከኦሮምኛ ያመጣሁት የማውቀው እርሱን ስለሆነ ነው። ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚያይ ኦሮምኛ ራሱ አንድ ምስክርነት ይሰጣል። «ትልቅ ቤት» በኦሮምኛ «መነ ጉዳ» ነው፤ መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ ትልቅ። «የንጉሥ ቤት» «መነ ሞቲ» ነው፤ መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ ንጉሥ። «የመጣ ሰው» «ነመ ዹፌ» ነው፤ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ መጣ። ይህ ከ«ቤተ ንጉሥ» እና ከ«ብእሲ ዘመጽአ» ጋር የሚሄድ አሰላለፍ ነው። በዚህ ነጥብ ኦሮምኛ ለግዕዝ ይቀርባል፤ አማርኛ ግን ከሁለቱም ርቋል። ታዲያ አማርኛ ገላጩን ማስቀደም ከማን ተማረ?

ገላጩን የሚያስቀድሙ ኩሻውያን፣ ማለትም የኦሮምኛ ዘመድ የሆኑ ቋንቋዎች፣ አሉ። አንዱ ደቡብ ያለው ሲዳምኛ ነው። ሌላው የአገው ቤተሰብ ነው፦ በእንጅባራ ዙሪያ የሚነገረው አውንጂ፣ በሰቆጣና በዋግ የሚነገረው ኽምጣንጋ፣ በጎንደር አካባቢ ሊጠፋ የተቃረበው ቅማንትኛ፣ በከረን ያለው ብሌን። አማርኛ ከጥንት ጀምሮ ከአገው ጋር ግድግዳ ሲጋራ ኖሯል። የላሊበላን ቤተ ክርስቲያናት ያሳነጹት፣ እስከ 1270 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የነገሡት የዛጔ ነገሥታት አገዎች ነበሩ። ለንጉሥ የተገጠሙት የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ግጥሞች ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይገኛሉ፤ የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ በስፋት የመጣው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ስለዚህ የአማርኛ አጥንት ሲጠና አጠገቡ የነበረው በዋናነት አገው ነው ብዬ አምናለሁ። ኦሮምኛ የመጣው በኋላ ነው፤ ሰንጋን፣ ጨፌን፣ ጉዲፈቻን የመሰሉ ቃላት አምጥቶልናል። ሰነድ ባይኖረን እንኳ የቃላት ሰልፍ ብቻውን ማን ከማን ጋር እንደኖረ ይነግረናል። እኔን ወደዚህ ትምህርት የሳበኝ ይህ ነው።

ወደ ድምፅ ልሻገር። ፊደላችንን ዘወትር እናያታለን፣ የምትነግረንን ግን አንሰማም። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ በግዕዝ የሉም። ከሰ፣ ከተ፣ ከነ፣ ከዘ፣ ከደ፣ ከጠ ተወስደው ራሳቸው ላይ ምልክት ተደርጎባቸው የተፈጠሩ ናቸው። ከየት እንደመጡ ለማየት አንዲትን ሴት ማዘዝ ይበቃል። ውሰድ ብሎ ውሰጂ፣ ክፈት ብሎ ክፈቺ፣ ስጥ ብሎ ስጪ። የኢ ድምፅ ከፊቷ ያለውን ተናባቢ ወደ ላንቃ ስባው ለወጠችው። ትግርኛ ይህን አላደረገም፤ «ውሰዲ»፣ «ክፈቲ» ብሎ ይቀራል። እነዚህን ላንቃዊ ድምፆች ብዙ ተመራማሪዎች በኩሻዊ ተጽዕኖ ቆጥረዋቸዋል። እኔ እዚህ ላይ ጠንቀቅ እላለሁ፤ በኢ ፊት መለሳለስ ጎረቤት በሌለበትም በዓለም ዙሪያ የሚሆን ነገር ነው። ጎረቤቱ ለውጡን ሊያበረታው ይችላል፤ ብቻውን ምስክር አድርጌ ግን አላቀርበውም።

በጉሮሮ ድምፆች ላይ ግን እንዲህ አልጠራጠርም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሦስት ሆነው ተጽፈው አንድ ሆነው ይነበባሉ፤ አ እና ዐም እንዲሁ። ተማሪዎቻችሁ የትኛውን ሀ ልጻፍ እያሉ የሚያስጨንቋችሁ ለዚህ ነው። ግዕዝ «በልዐ» ይላል፤ አማርኛ «በላ» ይላል። ግዕዝ «ሰምዐ» ይላል፤ አማርኛ «ሰማ» ይላል። ሦስተኛዋ ፊደል ጉሮሮ ውስጥ ቀልጣ ቀረች፤ ያልተጻፈ መቃብሯ በመጨረሻዋ አናባቢ ውስጥ ነው። ትግርኛ ግን ዛሬም «በልዐ»፣ «ሰምዐ» ይላል፣ ሐ እና ዐ በጠራ ድምፅ ይሰማሉ። እንግዲህ ጎረቤቶቻቸውን ተመልከቱ። ትግርኛን የሚጎራበቱት ሳሆ፣ አፋር፣ ብሌን እነዚህ ድምፆች አሏቸው። አማርኛን የሚጎራበቱት አውንጂና ኦሮምኛ የሏቸውም። ሁለቱ እህትማማች ቋንቋዎች ከአንድ ዓይነት ውርስ ተነሥተው አንዷ የጉሮሮ ድምፅ ባለው ሰፈር አደረች፣ ሌላዋ በሌለው፤ ሁለቱም እንደየሰፈራቸው ሆኑ።

ስለ ጠ፣ ቀ፣ ጸ አንድ ቃል ጨምሬ ልለፍ። እንዲህ ያሉ ፈንጂ ድምፆች በኦሮምኛም በአማርኛም ስላሉ ድሮ ከኩሽ የተወሰዱ ናቸው የሚሉ ነበሩ። ነገር ግን በየመንና በኦማን የሚነገረው መህሪ የሚባለው ሴማዊ ቋንቋም አለው። ስለዚህ ጥንታዊ የሴም ውርስ ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤት የሌለንን ይሰጣል ብቻ ሳይሆን ያለንን እንዳንጥልም ያደርጋል።

ይህን ሁሉ ሰብስቦ ለማስረዳት የሞከሩ ብዙ ናቸው። ቮልፍ ሌስላው ገና በ1945 በኢትዮጵያ ሴማውያን ቋንቋዎች ላይ ስላረፈው የኩሽ ተጽዕኖ ጽፏል። ቻርልስ ፈርጉሰን ደግሞ በ1976 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች፣ ኩሻዊውም ሴማዊውም እንደ ወላይትኛ ያለው ኦሞአዊውም፣ አንድ የቋንቋ አካባቢ፣ ማለትም በጉርብትና የተመሳሰሉ ቋንቋዎች ሰፈር፣ ናቸው ብሎ 26 የጋራ ባሕርያትን ዘረዘረ፤ 8ቱ የድምፅ፣ 18ቱ የሰዋስው። ከዝርዝሩ አንዱ ከቁጥር በኋላ ብዙ ቁጥር ያለመፈለጋችን ነው፤ አምስት ብር፣ ሁለት ሰው እንላለን፣ ኦሮምኛም እንዲሁ። በ2000 ማውሮ ቶስኮ ተነሥቶ እንዲህ ያለ አካባቢ በእውነት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የሚገባ ነው። ሦስቱም ቤተሰቦች አፍሮ እስያዊ ተብለው የሚመደቡ ስለሆኑ መመሳሰላቸው የጋራ አያት ቅርስ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ግሱን መጨረሻ ያደረገ ቋንቋ ሌሎቹን ብዙ ባሕርያት ተከትለው ያገኛቸዋል፤ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ እየቆጠርን ሊሆን ይችላል። እኔ ከክርክሩ የያዝኩት ይህን ነው፦ የዝርዝሩ ርዝመት አያሳምነኝም። እያንዳንዱን ባሕርይ ይዞ፣ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም፣ ከዚህ ጎረቤት ጋር ከኖረ በኋላ እንዲህ ሆነ ማለት ሲቻል ነው የሚያሳምነኝ። በአማርኛ ግዕዝን የመሰለ ምስክር ስላለን ይህን ማለት እንችላለን፤ ብዙ አገር ይህ ዕድል የለውም።

ግን እንዴት ይተላለፋል? ሰዋስው እንደ ጉንፋን በአየር አይሄድም። ሁለት ቋንቋ በያዘ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚያልፈው። በሕንድ፣ በማሃራሽትራና በካርናታካ ድንበር ኩፕዋር የምትባል መንደር ነበረች፤ በተጠናችበት ጊዜ ወደ ሦስት ሺህ ሰው ይኖርባት ነበር። ጆን ጋምፐርዝና ሮበርት ዊልሰን በ1971 ስለ እርሷ ጻፉ። በመንደሯ ኡርዱ፣ ማራቲና ካንናዳ የሚባሉት ቋንቋዎች ለዘመናት አብረው ኖረዋል። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ቤቱ በራሱ ቋንቋ ይናገራል፣ ቃሉን ይጠብቃል፣ ማንነቱ ነውና። ዓረፍተ ነገሮቻቸው ግን ቃል በቃል ተተክተው እስኪተረጎሙ ድረስ አንድ ሆነዋል። ስለ ኩፕዋር ሳነብ የታየችኝ አያቴ ናት። ሰው ቃሉን ይጠብቃል፤ ቃል ይታያል፣ የባዕድ ቃል ስትጠቀም ሰው ይሰማሃል። የቃላት አሰላለፍን ግን ማንም አይጠብቀውም፣ ምክንያቱም ማንም አያየውም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ሻወር ወሰድኩ» የሚለውን ወጣት «ሻወር» ለምን አልክ ብለው የሚቆጡት አሉ፤ «ወሰድኩ» ለምን አልክ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ባዕዱ ግን የበለጠ እርሱ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፣ ለእኛ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጥ። ሳራ ቶማሰንና ቴረንስ ካውፍማን በ1988 አጥርተው ያሳዩት ነው። ሰው ቋንቋውን ይዞ ከጎረቤት ሲዋስ ቀድሞ የሚገባው ቃል ነው። ቋንቋውን ትቶ ወደ ሌላ ሲዞር ግን ቃሉን ጥሎ ድምፁንና ሰዋስውን ይዞ ይገባል። አዲሱን ቋንቋ በአሮጌው አፍ ይናገራል፤ ልጆቹ ከእርሱ ይሰማሉ፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ ስሕተት የነበረው ደንብ ይሆናል። የአገው ሰዎች በመቶ ዓመታት ውስጥ ወደ አማርኛ የዞሩት እንዲህ ነው። የቅማንት ልጆች ጎንደር ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሲሆኑ የዘመናችን ሰው በዓይኑ አይቷል። ዛሬ እስራኤል ከሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያንም የብዙዎቹ አባቶች ከአገው ወደ አማርኛ የዞሩ ናቸው፤ በጸሎታቸው ውስጥ ዛሬም የአገው ቃል አለ። የአማርኛን ሰዋስው የቀረጹት ሊቃውንት አይደሉም። አማርኛን በጉልምስናቸው የተማሩ፣ አነጋገራቸው የተሳቀባቸው፣ ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች ናቸው። ተማሪ «አማርኛው ተበላሽቷል» ሲባል በሰማሁ ቁጥር እነርሱን አስባለሁ።

ሁሉም ነገር ደግሞ አይተላለፍም። ኦሮምኛው ዸ፣ ወደ ውስጥ የሚሳብ ድምፅ፣ ለአራት መቶ ዓመት አጠገባችን ኖሮ አማርኛ ውስጥ አልገባም። በአንጻሩ ስልጥኛ፣ ሴማዊ ሆኖ ሳለ፣ ከሐድያና ከሌሎች ኩሻውያን ጋር ኖሮ በአጭርና በረጅም የሚለዩ አምስት አምስት አናባቢዎች ይዟል፤ ይህ የኩሽ ሥርዓት ነው። አማርኛ ግን ሰባቱን እንደያዘ ነው።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ልመና አለኝ። በዓባይ ዳር፣ ጎጃም ውስጥ፣ ጋፋት የሚባል ሴማዊ ቋንቋ ነበር። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን አገራችንን ሲጎበኝ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወሰደ። ሌስላው በ1947 ተናጋሪ ፍለጋ ሄዶ ያገኘው አራት ሰው ብቻ ነው። ዛሬ አንድም የለም። ዛሬ እዚህ ከሰቆጣ፣ ከእንጅባራ፣ ከጭልጋ የመጣችሁ ትኖራላችሁ። ቤታችሁ የአገው ቋንቋ የሚናገሩ አያት ካሉ ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅዱልን። ቃላት ብቻ አትጠይቋቸው፤ ውሃ ምን ይባላል፣ እሳት ምን ይባላል ብላችሁ አትመለሱ። ቅቤ ወስዶ ስለጠፋ ደንበኛ ይንገሯችሁ። «እመጣለሁ ብሎ ሄደ» የሚለውን እንዴት እንደሚሉት ስሙ፣ «ብሎ» የት ጋ እንደወደቀች አድምጡ፣ እስኪጨርሱም አታቋርጧቸው።